ዳገቱን በኋላ ማርሽ

ድንጋጤ ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ ይህን ወሬ የሚያወራችሁ ሌላ ሰው ነበር። እኔ በዚያች በአንዲት ጠዋት ብቻ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ማዘጋጃ ቤት ባለችው መንገድ፣ ለአንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚበቃ ድንጋጤ ደንግጬ ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ ቢሰበር፣ መብራት ቢጠፋ፣ በር በኃይል ቢንኳኳ ቅንድቤ አይነቃነቅም። ባለቤቴ "ደንዝዘሃል" ትለኛለች። አልደነዘዝኩም፤ ኮታዬን ጨርሼ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የአፍንጮ በር ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ሾፌርነት። ኅብረት ሱቅ ስኳሩም፣ ጤፉም፣ ሳሙናውም በካርድ የሚታደልበት የቀበሌ ሱቅ ነበር። መጀመሪያ የምነዳት አንዲት ትንሽ ፒክአፕ ነበረች። እሷ ስታርፍ ከጦር ሠራዊቱ አንድ አሮጌ የናፍጣ ካሚዮን ተሰጠን። ተሰጠን ስላችሁ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ፤ በሰልፍና በጭብጨባ ነው የተረከብነው። አረንጓዴ ነው፤ አፍንጫው ረጅም፣ ጎማው እስከ ደረቴ የሚደርስ። ሲነሣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አጥር ጥሶ ይሄዳል። ከሩቅ ወዳጅ አገር መጥቶ ብዙ ግንባር የዘመተ ነው ተባልን። የሰፈሩ ሰውም ከጦር ሠራዊት ስለመጣ "ሻለቃ" ብሎ ስም አወጣለት።

ሻለቃ ጉልበት ሞልቶታል። ችግሩ ጉሮሮው ነው። ናፍጣውን ከኋላ ካለው ታንክ ስቦ ለሞተሩ የሚያቀብለው ፖምፓ አርጅቷል፤ ናፍጣ ሳብ ሲሉት አየር ይስባል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ አየር ከገባበት አለቀ፤ "ኡፍ" ብሎ ይሞታል። ያን ጊዜ ከጋቢና መውረድ፣ ኮፈኑን መክፈት፣ አንዲት ቡሎን ማላላት፣ ከዚያ የፖምፓውን እጀታ በእጅ እየገፉ አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ መውረድ ሲጀምር ቡሎኗን አጥብቆ ማስነሣት። ደህና በዋለበት ቀን ሁለት ጊዜ፣ በከፋበት ቀን አሥር ጊዜ ነው። እጄ ናፍጣ ናፍጣ ከመሽተቱ የተነሣ ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ታጎርሰኝ ጀመር፤ የሰርጋችን ሰሞን እንኳ ያላደረገችውን።

ይማም የሚባል መካኒክ ወዳጅ ነበረኝ። የወሎ ልጅ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ጡጫ ከምታክል ቤቱ ፊት ለፊት ሰሌን አንጥፎ የሞተር ዕቃ ሲበታትን የሚውል። ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

"ፖምፓው ውስጥ ያለው ላስቲክ አልቋል" አለኝ። "መለዋወጫው ያው ከመጣበት አገር ነው የሚመጣው።"

"እስኪመጣስ?"

"እስኪመጣማ ቁልቁለት እየመረጥህ ንዳ።"

በአራዳ ምድር ቁልቁለት ብቻ እየመረጠ ሲሄድ ያየሁት የክረምት ጎርፍን ነው። ግን ምን ላድርግ፣ እየሞተብኝ እያስነሣሁት፣ እየሞተብኝ እያስነሣሁት ከረምን።

አንድ ቀን ጤፍ እንደተሸከመ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ተኛብኝ። አየሩን ባወጣ ባወጣ እምቢ አለ። ድልድዩ ጥግ ካለች ሻይ ቤት ገባሁና ስልክ ለምኜ ወደ ሱቁ ደወልኩ። መስመሩ አይሰማም። ስለዚህ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽሁ።

"ሻለቃ ሞቷል! አዎ፣ ድልድዩ ላይ! ኧረ ገና አሁን ነው የሞተው! ሰው ላኩና እንጎትተው!"

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ሻይ ቤቱ ባዶ ነው። ሻዩ ብቻ በየጠረጴዛው ላይ እየጨሰ ቀርቷል። አንድ ሰውዬማ ባርኔጣውን ጥሎ ነው የሄደው። ባለቤቲቱ ከባንኮኒው ሥር ብቅ ብላ፣ "ወንድሜ፣ ልዘጋ ነው፤ እኔ በጊዜ ነው የምዘጋው" አለችኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው፤ እግሬ እስከ ድልድዩ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዕረጉን ገፈን "ጋሼ" አልነው። ጋሼ ቢሞት ማንም አይጠየቅበትም።

ይህ እንግዲህ የአዘቦቱ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የወጣትነት ሱሪዬን ያጠበበልኝ እሱ ነው። ሊቀመንበር ከሆነ በኋላ ግን ሰውን የሚያየው ከየት በኩል እንደሚቆርጠው ገና ያልወሰነበት ጨርቅ አድርጎ ነው። እናቶች ልጅ ሲያለቅስባቸው "ታፈሰ መጣ" ይሉ ነበር አሉ፤ ልጆቹ ዝም ይላሉ፤ እናቶቹም አብረው ዝም ይላሉ።

የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ቢሮው አስጠራኝ።

"ጓድ ሾፌር፣ የቀበሌያችንን ትርዒት የሚሸከመው ያንተ መኪና ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት የከፍተኛው ኮሚቴ ያየናል፤ ከዚያ ወደ አደባባዩ እንወርዳለን።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ መኪናው አሞታል እኮ።"

"ምኑን?"

"ፖምፓው አየር ይስባል። ቁልቁለት ይወርዳል፤ ዳገት ላይ ግን..."

ብዕሩን በቀስታ አስቀመጠ። "ጓድ፣ ዓመቱን ሙሉ ስኳር ሲያመላልስ የከረመ መኪና በአብዮቱ ቀን ቢቆም ምን ይባላል?"

"ብልሽት" ልል ነበር። 

"አሻጥር ይባላል" አለኝ ራሱ።

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባለው ቃል አንዴ ከተለጠፈባችሁ የሚታጠብ አልነበረም። "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብሎ ሄዶ ምሳው እንደተከደነ የቀረ ጎረቤት ነበረኝ። 

ትርዒታችን ከጣውላ የተሠራ ቀይ ትራክተር ነው። በጋሼ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ በትልልቁ "ወደፊት ብቻ! ወደ ኋላ መመለስ የለም!" ተብሎ ተጽፏል። ትራክተሩ ላይ የሚቆም ገበሬ አስፈለገና የሱቁ ዘበኛ ጋሽ ወልዴ ተመረጡ። ጋሽ ወልዴ ዶሮ ማነቂያ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ በሬ የሚያውቁት ሥጋ ቤት ተሰቅሎ ነው። ጺማቸው ግን የገበሬ ነው ተባለ።

"በአንድ እጅዎ ማጭዱን ይይዛሉ" አላቸው ጓድ ታፈሰ። "በሌላው ጣትዎን ወደፊት ይቀስራሉ፤ ወደ ብሩህ ተስፋው። ምንም ቢመጣ አይነቃነቁም።"

"ዝንብ ቢያርፍብኝስ?"

"ምንም ቢመጣ!"

የበዓሉ ጠዋት ጓድ ታፈሰ ካኪውን ተኩሶ፣ ጋቢና ከጎኔ ተሰይሞ ተነሣን። ከአፍንጮ በር እስከ ድልድዩ ቁልቁለት ነው፤ ጋሼ እንደ ሙሽራ እየተንቀባረረ ወረደ። ከኋላችን የሌሎች ሁለት ቀበሌዎች ካሚዮኖች ይከተላሉ። መንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ሞልቶታል፤ ጓድ ታፈሰ በመስኮት እጁን ያወዛውዛል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዞሮ አየኝና፣ "የታመምከውስ አንተ ነህ" አለኝ።

ድልድዩን ተሻገርን። የፒያሳን ዳገት ጀመርን። ሃያ እርምጃ ሄድን መሰለኝ።

ኡፍ።

ወረድኩ፤ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ አየሩን አወጣሁ፤ ተነሣ። አሥር እርምጃ። ኡፍ። እንደገና። አምስት እርምጃ። ኡፍ። ከኋላችን ያሉት ክላክስ ማስጮህ ጀመሩ። የበዓል ሸሚዜ ነጭ ነበር፤ ነበር ነው የምላችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። ጓድ ታፈሰ አጠገቤ ቆሞ "አስነሣው" አለኝ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ በሹክሹክታ ነው ያለኝ።

ይማም ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ብቻ ከሰው መሐል ወጥቶ ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሆድ አየ።

"ታንኩ ከኋላ ነው አይደል?"

"ከኋላ ነው።"

"ዳገት ላይ ታዲያ ታንኩ ታች፣ ሞተሩ ላይ ሆኖ ይህ ምስኪን ፖምፓ በምን አቅሙ ይስባል? ኋላውን ወደ ላይ አድርገው። ናፍጣው ራሱ እየወረደ ይመጣለታል። ድልድዩ ላይ አዙረውና በኋላ ማርሽ ውጣ። አብሽር!"

"በምን ማርሽ?" አለ ጓድ ታፈሰ።

"በኋላ ማርሽ።"

የጓድ ታፈሰን ፊት ያኔ ብታዩት። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ላይ ሰብስቦን፣ "ጓዶች፣ አድኃሪ ማለት ምን ማለት ነው?" ብሎ የሚጠይቀን፣ "ወደ ኋላ የሚሄድ!" ብለን በአንድ ድምፅ ካልመለስን የማይለቀን ሰው እኮ ነው። አሁን ሰዓቱን አየ። ዳገቱን አየ። ጨርቁ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየ፤ ሁለት ጊዜ አነበበው። በልቡ የሚያስበውን እኔም አስቤዋለሁ፦ ከቆምን አሻጥረኞች ነን፤ ከሄድን አድኃሪዎች።

"አዙር" አለኝ በመጨረሻ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

ሰውንም ከኋላችን ያሉትን ካሚዮኖችም ገለል እያደረግን ወደ ድልድዩ ወርጄ አዞርኩት፤ አፍንጫው ወደ አፍንጮ በር፣ ጀርባው ወደ ፒያሳ ሆነ። የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ተንደረደረ! ይማም እንዳለው ነው፤ ጋሼ እንደዚያን ቀን ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። አሁን ያለው ችግር የጣውላው ትራክተር ስለሚከልለኝ ከኋላ ምንም አለመታየቱ ነው። ስለዚህ ጓድ ታፈሰ ራሱ በእግሩ እየቀደመ በድምፅ ሊመራኝ ግድ ሆነ።

"ና! ና! ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ!" ይላል፤ ድምፁ ሙሉ ነው። "አሁን ደግሞ ወደ..." ይልና ያቆማል። ሰው ሁሉ ይሰማዋል። በዚያን ሰሞን ቀኝ መንገደኛ ተብለው የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። "ወደ... ወደዚያኛው!" ይላል በእጁ። እኔ እጁን አላይም። አንድ የመብራት ምሰሶ ለጥቂት አለፍኩ። "ወደዚያኛው አልኩህ! ግራ ያልሆነውን!"

ከላይ ደግሞ ጋሽ ወልዴ አሉ። አይነቃነቁም ስለተባሉ አልተነቃነቁም። ጣታቸው የተቀሰረው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ነው፤ ድልድዩም እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል።

"ጓድ ሊቀመንበር!" ብለው ተጣሩ። "ልዙር?"

"አይዙሩ!"

"ታዲያ አሁን ወደፊት በየት በኩል ነው?"

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ወዲያው ሳል አደረገው። ከዚያ ግራና ቀኝ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ያስለው ጀመር፤ እንዲህ ያለ ጉንፋን ፒያሳ ገብቶ አያውቅም። መስኮቴ አጠገብ ከቆሙት ሁለት ጎረምሶች አንዱ "ምንድነው ነገሩ?" ሲል ሰማሁ። ጓደኛው በክርኑ ጎሸመውና፣ "ዝም በል! አዲስ መመሪያ ወጥቶ ይሆናል" አለው።

ያቺ ቃል ናት ጉድ ያመጣችው። ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈች ዳገቱን ወረደች። ፊቴ ወደ ድልድዩ ስለሆነ ሁሉም ነገር በፊት መስታወቱ በኩል ይታየኛል። ከኋላችን ይመጣ የነበረው የሌላ ቀበሌ ካሚዮን ቆመ። ሊቀመንበራቸው ወረደ። እኛን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገረ። ከዚያ፣ በሰማዩ ጌታ ስም እምላችኋለሁ፣ ካሚዮናቸው መዞር ጀመረ። ፖምፓው ደህና የሆነ፣ ዳገቱን እየፈነጨ የሚወጣ ካሚዮን! መመሪያው ለሁሉም ደርሶ ለነሱ ብቻ ሳይደርስ የቀረ መስሏቸው ነው። የሦስተኛው ሾፌርማ ማንንም አልጠየቀም።

 የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ አሁን ሦስት ቀበሌ ወደ ኋላ እየወሰድኩ ነው። አንዱ አድኃሪ ሲባል ይሰማ ነበር፤ ይህ ግን ማኅበር ነው።

ሜዳው ላይ ስንወጣ አዞራለሁ ብዬ አስቤ ነበር። የት ይዞራል! ፒያሳ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። እንደዚያው፣ ጀርባችንን አስቀድመን፣ ሦስት ካሚዮን በሰልፍ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ደረስን። ሙዚቀኞቹ የሰልፍ ማርሽ እየነፉ ነበር፤ እኛን ሲያዩ ጥሩምባው መሐል ላይ ቀረ።  ኮሚቴው ደረጃው ላይ ተደርድሮ ቆሟል፤ አንዱ አንዱን ያያል። "ማን ነው ያዘዘው?" ብሎ ለመጠየቅ የደፈረ የለም፤ ምናልባት ያዘዘው ከበላይ ቢሆንስ?

ከመሐላቸው አንድ ሻምበል ደረጃውን ወረደ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። በጓድ ታፈሰ አጠገብ ሰላምታ ሳይሰጠው አለፈና ቀጥ ብሎ ወደኔ መስኮት መጣ። ኮፈኑን በመዳፉ ነካው። በናፍጣ የራሰ ሸሚዜን ከላይ እስከ ታች አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ፖምፓው ነው?" አለኝ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። "አዎ ጓድ ሻምበል።"

"አየር ይስባል?"

"ይስባል።"

"የዚህን መንትያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ" አለ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ። "ስንት ተራራ በጀርባዬ እንደወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አንገቴ እስከ ዛሬ በደንብ አይዞርም። እነዚያ ሁለቱስ ምን ሆነው ነው?"

"የነሱን አላውቅም፣ ጓድ ሻምበል። ደህና ነበሩ።"

ሻምበሉ ሁለቱን ካሚዮኖች አየ። ጋሽ ወልዴን አየ፤ ጣታቸው አሁንም ተቀስሯል፤ አፍንጫቸው ላይ ዝንብ አለ። ጉንጩን ከውስጥ በጥርሱ ነክሶ እንደያዘው ታወቀኝ። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞረና በሚያስተጋባ ድምፅ፣

"ትክክል ነው!" አለ።

ሌላ ምንም አልጨመረም። ኮሚቴው አጨበጨበ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሙዚቀኞቹ ካቆሙበት ቀጠሉ። ከኮሚቴው አንዱ ለጎረቤቱ፣ "ትናንት በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ነበር እኮ" ሲለው በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰው ገለል ብሎልን አዞርንና ተራችን እስኪደርስ ዳር ይዘን ቆምን። ከዚያ በኋላ እስከ አደባባዩ ቁልቁለት ነው፤ ስጋት የለም። ጓድ ታፈሰ ጋቢና ገብቶ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱንም ዘጋ። ሲጋራ አወጣ። ክብሪቱን ጫረ፤ ተሰበረ። ሌላ ጫረ፤ ተሰበረ።  ክብሪቱን ተቀብዬ ለኮስኩለት። ናፍጣ በናፍጣ ሆኜ እሳት መጫሬ ትዝ ያለኝ ከጫርኩ በኋላ ነው።

አንድ ሁለቴ ሳበና፣ "ፈርተህ ነበር?" አለኝ። "ጓድ" አላለኝም።

"እውነቱን ልንገርዎት?"

"እውነቱን።"

"ከድልድዩ ጀምሬ ፈርቻለሁ።"

ጭሱን ወደ እግሩ ለቀቀ። ግራውንም፣ ያንንም ወገን አየ።

"እኔ ሊቀመንበር ከሆንኩ ጀምሮ" አለኝ።

ያን ጠዋት ካየሁትና ከሰማሁት ሁሉ እንደዚች ያስደነገጠኝ የለም። የሰፈር ሕፃን ሁሉ ዝም የሚልለት፣ እኔን ቢሮው ውስጥ በአሻጥር ያስፈራራኝ ሰው፣ የኔን ፍርሃት ከኔ በፊት ለብሶት፣ በሱ ላይ ካኪ ደርቦበት ነው የኖረው።  

ከኋላ ክላክስ ተሰማ፤ ተራችን ደርሷል። ጓድ ታፈሰ ሲጋራውን አጠፋ፤ ኮሌታውን አቀና፤ ፊቱን መልሶ የሊቀመንበር አደረገው።

"ንዳ፣ ጓድ ሾፌር።"

"በየትኛው ማርሽ?" አልኩት።

እግዜር ምስክሬ ነው፣ ለቀልድ አልነበረም፤ ከድንጋጤዬ ብዛት የምር ነው የጠየቅሁት። ዞሮ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ በሁለት እጁ አፉን አፈነ፤ ሕዝቡ እንዳያየው ጎንበስ ብሎ ከመስኮቱ በታች ተደበቀ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አደባባዩ አፋፍ እስክንደርስ ድረስ ቀና አላለም። ሲነሣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ጉንጩ ረጥቧል። እየሳቀ ነው ብዬ እኔም አብሬው ስስቅ ነበር የወረድኩት። መሳቁን ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።